የፀሐይ ኃይል ለገጠር ቤተሰብ፤ ከመግዛት በፊት መቆጠብ
በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ትምህርታዊ ጽሑፍ

መግቢያ

ድርቅ በደረሰበት አካባቢ በቅድሚያ የሚታሰበው እህል፣ ውሃና መድኃኒት ነው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ቤተሰብ በአዲስ ሥፍራ ከሰፈረ ወይም ድርቁ አልፎ ወደ ቀዬው ከተመለሰ በኋላ፣ ኑሮውን መልሶ ለማቋቋም ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ መብራት ነው። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት፣ ቀን ከብት ጠብቆ ማታ የሚያጠና ተማሪ፣ ከመሸ በኋላ የሚሸምን ሸማኔና የምትፈትል ባለቤቱ ሁሉም ብርሃን ይሻሉ። ይህን ብርሃን ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረው ኩራዝ ነው። ኩራዝ ግን ብርሃኑ አነስተኛ፣ ጭሱ ብዙ፣ አደጋውም ከባድ ነው። በሣርና በቀርከሃ ቤት ውስጥ የተገለበጠ አንድ ኩራዝ የአንድን ቤተሰብ ንብረት ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያወድም ይችላል።

ለዚህ ችግር የፀሐይ ኃይል መፍትሔ እንደሚሆን በብዙ ሥፍራ ታምኖበት ሥራ ላይ ውሏል። ነገር ግን በተግባር ተደጋግሞ የሚታይ አንድ ጉድለት አለ። መሣሪያው በደስታ ይተከላል፤ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያም ባትሪው ይሞታል። ሰሌዳው ጣራ ላይ እንዳለ ቤተሰቡ ወደ ኩራዙ ይመለሳል። መሣሪያው በብድር የተገዛ እንደሆነ ደግሞ መብራቱ ጠፍቶ ዕዳው ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጉድለቱን መንስዔ ማሳየትና በመስክ ላይ ለተሰማሩ ኃላፊዎችና የእርዳታ ሠራተኞች የሚያገለግል ቀላል የአሠራር ዘዴ ማቅረብ ነው። ዋናው ሐሳብም ይህ ነው፦ በቅድሚያ የቤተሰቡን የኤሌክትሪክ ፍላጎት መለካትና መቀነስ፣ ቀጥሎ መሣሪያውን በዚያው ልክ መምረጥ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሚባክነው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የተጠቃሚው እምነት ጭምር ነው።

፩. ድርቅና የኤሌክትሪክ ኃይል

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። በመሆኑም ዝናብ ሲቀንስ የሚጎዳው ማሳ ብቻ አይደለም። የግድቦች ውሃ ሲጎድል ከተሞችና ፋብሪካዎችም ይጎዳሉ። በ2001 ዓ.ም. የደረሰው የኃይል እጥረት ኤሌክትሪክ በፈረቃ እንዲታደል አስገድዶ እንደነበር ይታወሳል። በዚያን ጊዜ ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ አዲስ ግድብ መሥራት ሳይሆን አምፖል መለወጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው የመጀመሪያ ዙር 350,000 ያህል ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች ለተጠቃሚዎች ታድለዋል። የማደሉ ሥራ በኋላ ወደ ሚሊዮኖች አድጓል። ከዚህ የምንረዳው፣ የዳነ ኃይል እንደ ተመረተ ኃይል የሚቆጠር መሆኑን፣ ያውም በአጭር ጊዜና በአነስተኛ ወጪ የሚገኝ መሆኑን ነው።

በአንጻሩ ደመና በማይታይበት የድርቅ ወቅት የፀሐይ ሰሌዳ ከመቼውም የበለጠ ብርሃን ያገኛል። በዚህ ጊዜ የሰሌዳው ጠላት አቧራ ነው። በመሆኑም የፀሐይ ኃይል የውሃን ኃይል የሚተካ ባይሆንም፣ ውሃው በሚደክምበት ወራት የሚያግዝ ጠቃሚ ደጋፊ ነው።

የብሔራዊው የኃይል መረብ ወደ እያንዳንዱ ጎጥ ለመድረስ ጊዜ እንደሚወስድ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነውና በ2019 የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም፣ እስከ 2025 ድረስ ሕዝቡን በሙሉ የኤሌክትሪክ ተጠቃሚ ለማድረግና ከዚህም 35 በመቶውን ከመረቡ ውጪ ባሉ ዘዴዎች፣ በተለይም በፀሐይ ኃይል፣ ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ግቡ በተባለው ጊዜ አልተሟላም። ስለሆነም የአነስተኛ የፀሐይ መሣሪያ ጉዳይ ገና ለብዙ ዓመታት የመስክ ሠራተኛው ጉዳይ ሆኖ ይቆያል።

፪. ካለፈው ልምድ የሚገኝ ትምህርት

የፀሐይ ኃይል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ታላቁ ድርቅ ደርሶ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ በሰፈረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በማዕከላዊ ኢትዮጵያ አንዲት የገጠር መንደር 10.5 ኪሎ ዋት ጉልበት ባለው የፀሐይ ጣቢያ መብራት አግኝታለች። ጣቢያው 300 ያህል ቤተሰቦችን ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ የውሃ መሳቢያና የእህል ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ ተደርጓል።

እነዚህን ቁጥሮች ልብ እንበል። 10.5 ኪሎ ዋት ለ300 ቤተሰቦች ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 35 ዋት ብቻ ነው። ይህም በቀድሞው ባለ ክር አምፖል ቢሆን አንዲቱን እንኳ በአግባቡ የማያበራ ነው። ሆኖም ፍላጎቱ በልክ ከተያዘ ለአንድ የገጠር ቤት ምሽት ይበቃል።

ሁለተኛው ምሳሌ በሰሜን ሸዋ የምትገኘው ሬማ ናት። ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በሬማና በአካባቢዋ ለሚገኙ ቤቶች 10 ዋት ያህል ጉልበት ያላቸው አነስተኛ መሣሪያዎች ተክሏል። ሥራውም እ.ኤ.አ. በ2009 አሽደን የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። የሬማ ልዩ ነገር የሰሌዳው ብዛት አልነበረም። መሣሪያው አነስተኛ ሆኖ ከቆጣቢ አምፖሎች ጋር አንድ ላይ መቅረቡ፣ በዚያው በመንደሩ የቴክኒክ ማሠልጠኛ መከፈቱና ጠጋኙ ከሩቅ ከተማ የሚጠራ አለመሆኑ ነው።

፫. የጋሞ ምድርና ፀሐዩ

የጋሞ ዞን በአጭር ርቀት ውስጥ ቆላና ደጋ የሚገናኙበት ምድር ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ ትገኛለች። ከከተማይቱ በስተ ሰሜን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ሲባል የሚገኘው የጨንቻ ደጋ ግን 2,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የጉጌ ተራራም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ስለሆነም ለምዕራብ አባያ ቆላ የተመረጠ መሣሪያ ለጨንቻ፣ ለዲታ ወይም ለቦንኬ ደጋ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም።

በቆላው ችግሩ ሙቀት ነው። የፀሐይ ሰሌዳ የሚሻው ብርሃንን እንጂ ሙቀትን አይደለም። ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚጨምረው በእያንዳንዱ ዲግሪ ከጉልበቱ 0.4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በቆርቆሮ ላይ ተጣብቆ የተመታ ሰሌዳ ራሱ 60 ዲግሪ ሲደርስ 14 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ባትሪም በሙቀት ዕድሜው ያጥራል። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ የሚገኝበት ሥፍራ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ይገመታል።

በደጋው ደግሞ ችግሩ ደመናና ጉም ነው። በአካባቢው ዋናው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይጥላል። ደጋው በክረምቱም ወራት ይሸፈናል። መሣሪያ ሲመረጥ መለኪያው የጥር ፀሐይ ሳይሆን የነዚህ ወራት ደመና መሆን ይኖርበታል። በጥር ወር ተተክሎ የተመሰገነ መሣሪያ በሰኔ የሚከዳው ይህ ስለሚዘነጋ ነው።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው የፀሐይዋ መንገድ ነው። አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን ገደማ የቀትር ፀሐይ በአናት ላይ ትሆናለች። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል በሚገኘው ክረምት ወደ ሰሜን፣ በበጋው ወራት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ሰሌዳው ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ቢዘነብል ይበቃል። ይህም 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላለው ሰሌዳ፣ የላይኛው ጫፍ ከታችኛው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል ማድረግ ማለት ነው። ፈጽሞ ጠፍጣፋ ከሆነ ዝናቡ አቧራውን አያጥበውም፤ በጣም ከቆመ ደግሞ የክረምቱ ብርሃን ያልፈዋል።

፬. ፍላጎትን መለካት

የኤሌክትሪክ ፍላጎት የሚለካው የመሣሪያውን ዋት በሚሠራበት ሰዓት በማባዛት ነው። ውጤቱ ዋት ሰዓት ይባላል። ለምሳሌ በቦንኬ ደጋ የሚኖር አንድ ቤተሰብ የሚከተሉትን ይፈልጋል እንበል።

ሀ) ባለ 3 ዋት ሦስት ኤል ኢ ዲ አምፖሎች፣ በቀን 4 ሰዓት፤ 36 ዋት ሰዓት።
ለ) ባለ 3 ዋት ራዲዮ፣ በቀን 5 ሰዓት፤ 15 ዋት ሰዓት።
ሐ) ሁለት ተራ ስልኮችን መሙላት፤ 10 ዋት ሰዓት።
ድምር 61 ዋት ሰዓት በቀን።

በሽቦ፣ በባትሪና በአቧራ የሚባክነውን ለማካካስ ድምሩን ለ0.65 እናካፍላለን፤ 94 ያህል ይሆናል። በደመናማው ወራት በቀን ሙሉ ጉልበት ያለው ፀሐይ 4 ሰዓት ብቻ ይገኛል ብለን 94ን ለ4 ስናካፍል 24 ዋት ያህል እናገኛለን። ስለዚህ 30 ዋት ሰሌዳ ይበቃል። ለባትሪው፣ ፀሐይ በሌለበት ሁለት ቀን ይቆይ ካልን 122 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች መውረድ ስለማይገባው እጥፉን፣ ማለትም 244 ዋት ሰዓት እንይዛለን። ይህም በ12 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት ያህል ነው።

አሁን ያው ቤተሰብ ሦስቱን አምፖሎች ባለ 40 ዋት ባለ ክር አምፖል ቢያደርጋቸውስ? የአምፖሉ ፍጆታ ብቻ 480፣ ድምሩ 505 ዋት ሰዓት ይሆናል። በተመሳሳዩ ስሌት 195 ዋት ያህል ሰሌዳና 168 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይጠይቃል። በሌላ አነጋገር፣ አምፖል በመምረጥ ብቻ የመሣሪያው መጠን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ቆጣቢው አምፖል ብርሃን ይነፍጋል የሚለው ሥጋትም መሠረት የለውም። አንድ ኩራዝ የሚሰጠው 10 ሉመን ያህል ብርሃን ሲሆን፣ ጥሩ የሆነ ባለ 3 ዋት ኤል ኢ ዲ ወደ 300 ሉመን ይሰጣል።

የቴሌቪዥን ጉዳይ በግልጽ መነገር አለበት። ባለ 30 ዋት ቴሌቪዥን በቀን 4 ሰዓት ቢከፈት 120 ዋት ሰዓት ይፈጃል። ድምሩ 181 ስለሚሆን 70 ዋት ሰሌዳና 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያስፈልጋል። ቤተሰቡ ቴሌቪዥን መፈለጉ ነውር አይደለም። ስሕተቱ ለ61 ዋት ሰዓት የተሰጠውን መሣሪያ ለ181 ማዋሉ ነው። ባትሪው የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም መሣሪያው ከመታደሉ በፊት ቤተሰቡን "ምን ትፈልጋላችሁ?" ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም በቁጥር ማስቀመጥ የሠራተኛው ግዴታ ነው።

፭. አተካከልና አያያዝ

የዶርዜ ባህላዊ ቤት ከቀርከሃ የተሠራ ረጅም ቤት ሲሆን፣ እግሩን ምስጥ ሲበላው ከታች እየተቆረጠ ያጥራል፤ ሲያስፈልግም ተነሥቶ ወደ ሌላ ሥፍራ ይወሰዳል። በውስጡ የሚነደው እሳት ጭስም በክዳኑ በኩል ይወጣል። በዚህ ዓይነት ቤት ጣራ ላይ ሰሌዳ ማስቀመጥ ጣራውን መጉዳትና ሰሌዳውን ጥላሸት ማልበስ ነው። ስለዚህ በአጥር ግቢ ውስጥ በጠንካራ ምሰሶ ላይ መትከል ይሻላል። ምሰሶው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት የእንሰት፣ የቀርከሃም ሆነ የባሕር ዛፍ ጥላ በማያርፍበት ሥፍራ መሆን አለበት። በአንድ ጥግ ላይ ያረፈ ትንሽ ጥላ የሰሌዳውን ጉልበት ከግምት በላይ ይቀንሳል። በቆርቆሮ ቤት ላይ ሲተከልም በሰሌዳውና በቆርቆሮው መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ይተው።

ባትሪው ከእሳት ርቆ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥፍራ፣ በእንጨት መደብ ላይ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ይቀመጥ። የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የሚጨመርለት የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። የምንጭ ውሃ ምንም ቢጠራ ለባትሪ መርዝ ነው።

ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላም ሆነ እንዳይራቆት የሚጠብቀው መቆጣጠሪያ፣ በተለምዶ ቻርጅ ኮንትሮለር የሚባለው ነው። ኃይሉ ሲያልቅ መብራቱን የሚያጠፋው ይኸው መሣሪያ ነው። ብዙ ተጠቃሚዎች ይህን እንደ ብልሽት ቆጥረው አምፖሉን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ያገናኛሉ። የዚያን ዕለት ማታ መብራት ይገኛል፤ በዚያ ልማድ ግን ባትሪው በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ለቤተሰቡ በቋንቋው ሊነገረው የሚገባው የመጀመሪያ ቃል፦ "መብራቱ ራሱ ሲጠፋ መሣሪያው ባትሪህን እያዳነልህ ነው፤ ነገ ፀሐይ እስክትወጣ ታገሥ" የሚል ነው። ሠራተኛውም በጉብኝቱ ቮልቱን ይለካ። ሳይሠራ ያረፈ የ12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ፣ 12.2 ገደማ ከሆነ ግማሽ፣ ከ12 በታች ከሆነ ከመጠን በላይ የወረደ ነው።

ሰሌዳው በድርቅ ወራት በየሳምንቱ በማለዳ፣ ገና ሳይሞቅ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ውሃ በሩቅ የሚቀዳ ከሆነ አንድ ኩባያ ይበቃል። ያረጀ ባትሪ ወደ እንሰት ጓሮ ወይም ወደ ምንጭ አጠገብ አይጣል። እርሳሱና አሲዱ አፈርንና ውሃን የሚመርዙ ስለሆነ ተሰብስቦ ወደ ከተማ እንዲመለስ ከመጀመሪያው መታቀድ አለበት።

፮. መረቡ በደረሰበት ከተማ

በአርባ ምንጭ ከተማ እንዳሉት ከመረቡ ጋር ለተገናኙ ቤተሰቦችም ትምህርቱ አይለወጥም። በከተማ ቤት ከፍተኛውን ኃይል የሚበላው የእንጀራ ምጣድ ነው። አንድ ባለ 3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሲሠራ 5.25 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህም ከላይ የተጠቀሰው የቦንኬ ቤተሰብ ለ86 ቀን ከሚጠቀምበት ጋር እኩል ነው። ከዚህም ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ አነስተኛ የፀሐይ መሣሪያ ለመጋገርና ለማብሰል እንደማይሆን ለተጠቃሚው በግልጽ መነገር አለበት። ለማገዶው ችግር ከመብራቱ ጎን ለጎን ምርጥ የተባለውን የእንጀራ ምድጃ ማስተዋወቅ ይገባል፤ ይህ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶን ፍጆታ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ በከተማ ቁጠባው የሚጀመረው ከምጣዱ ነው። ምጣዱ እስኪግል የሚፈጀው ኃይል ለሦስት እንጀራም ለሠላሳም ያው ስለሆነ፣ ትንሽ ትንሽ ደጋግሞ ከመጋገር አንድ ጊዜ በርከት አድርጎ፣ ከተቻለም ከጎረቤት ጋር ተራ ገብቶ መጋገር፣ የመጨረሻው እንጀራ ሳይወጣ በፊትም ማጥፋት ይጠቅማል።

በወር ስምንት ጊዜ የሚጋግር፣ ማቀዝቀዣ፣ ቴሌቪዥንና ካውያ ያለው፣ ባለ 60 ዋት አራት አምፖሎችን በቀን 5 ሰዓት የሚያበራ ቤተሰብ በወር 120 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል። አምፖሎቹን ወደ ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ ሲለውጥ ብቻ 30 ያህሉን ያድናል። መጋገሩን ካቀናጀና የማቀዝቀዣውን በር ላስቲክ ካደሰ ከ80 በታች መውረድ ይችላል። የኤሌክትሪክ ታሪፍ በፍጆታ እርከን የሚያድግ በመሆኑና ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመታት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ስለተወሰነ፣ ይህ ቁጠባ ለቤተሰቡ ኪስ ተሰሚነት አለው። ምሽት ከ12 እስከ 3 ሰዓት መጋገርን መተው ደግሞ በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ለሚተማመኑት ጎረቤቶች ሁሉ የሚደረግ ውለታ ነው።

፯. ለኃላፊዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

ለሰፋሪዎች ወይም ለተመላሾች የፀሐይ መሣሪያ ከመታደሉ በፊት የሚከተሉት ነጥቦች ይረጋገጡ።

ሀ) ቅድሚያ ለጤና ኬላው ይሰጥ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ ስላለበት፣ የክትባት ማቀዝቀዣው መሣሪያ ለብቻው ይሁን። ስልክም ሆነ አምፖል ከእርሱ ጋር ፈጽሞ አይያያዝ።
ለ) ሰሌዳ፣ ባትሪ፣ መቆጣጠሪያና ቆጣቢ አምፖል አንድ ላይ ይቅረቡ። አምፖሉ ለተጠቃሚው ምርጫ የሚተው አይደለም።
ሐ) ለየመንደሩ ቢያንስ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ሴት ሆና፣ በጥገና ይሠልጥኑ። በቤት ውስጥ መሣሪያውን በየምሽቱ የምታስተዳድረው አብዛኛውን ጊዜ እናት ስለሆነች ትምህርቱ ለባል ብቻ መሰጠት የለበትም።
መ) ባትሪው ከጥቂት ዓመታት በኋላ መለወጡ አይቀርም። ቤተሰቡ ቀድሞ ለላምባ ያወጣው ከነበረው ገንዘብ ጥቂቱን በየወሩ በእድር ወይም በቁጠባ ማኅበር እንዲያስቀምጥ ይመከር።
ሠ) ከተከላው በኋላ ቢያንስ አንድ ጉብኝት በደመናማው ወር ይደረግ። በበጋ ብቻ የሚደረግ ጉብኝት እውነቱን አያሳይም።

ማጠቃለያ

የፀሐይ ኃይል ከሰማይ በነፃ ይወርዳል፤ ሰሌዳው፣ ባትሪውና ሽቦው ግን በነፃ አይገኙም። በድርቅ ሀብቱን ላጣ ቤተሰብ የሚሰጥ ማንኛውም ነገር ሁለተኛ ኪሳራ እንዳይሆንበት መጠንቀቅ የሰጪው ኃላፊነት ነው። በልክ የተመረጠና በሚገባ የተያዘ 30 ዋት ሰሌዳ፣ ያለ ስሌት ከታደለ 100 ዋት ሰሌዳ ይልቅ ለብዙ ዓመታት ያበራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምትሠሩበት ቀበሌ የሚገኙትን አምስት ቤተሰቦች ዕለታዊ ፍላጎት በዋት ሰዓት አስሉ። ባላቸው መሣሪያ ይበቃቸዋል?
2. በአካባቢያችሁ አገልግሎት ያቆሙ የፀሐይ መሣሪያዎች አሉ? ያቆሙት በሰሌዳ፣ በባትሪ፣ በመቆጣጠሪያ ወይስ በአጠቃቀም ጉድለት ነው?
3. ያረጁ ባትሪዎችን ሰብስቦ ለመመለስ ማን፣ በምን ገንዘብ ኃላፊነት ሊወስድ ይችላል?